ያልተመዘገበ ዛፍ አይከፈልበትም
የደን ጥበቃና የካርቦን መርሐ ግብሮች የጽሕፈት ሥራ ታሪክና ለድሬዳዋ የሚያስተላልፈው ትምህርት

የምሥረታ በዓል ሲከበር ብዙውን ጊዜ በሪፖርት የሚቀርበው ዓይን የሚያየው ሥራ ነው። የተሸጠው ኩንታል፣ የተገዛው የጭነት መኪና፣ የተገነባው መጋዘን፣ ለአባላት የተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ይዘረዘራል፤ ይጨበጨብለታልም። ይህ ሁሉ የቆመበት የአባላት መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ ደብተርና የደረሰኝ ጥራዝ ግን እምብዛም አይወሳም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ በአገራችን የደን ጥበቃና የካርቦን ልቀት ቅነሳ መርሐ ግብሮች ከተጀመሩ ወዲህ የጽሕፈት ቤት ሥራ ምን ድርሻ እንደነበረው ለመዳሰስ እንሞክራለን። ጉዳዩ በረሃማው የአየር ንብረት ለሚያጠቃት ለድሬዳዋ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከተማችን ከተራራ ግርጌ የተቆረቆረች በመሆኗ የተራራው መራቆት ያስከተለውን ጉዳት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ድሬዳዋና ተራሮቿ

ድሬዳዋ የተመሠረተችው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ መሆኑ ይታወቃል። ከዚራና መጋላ በደቻቱ ወዲህና ወዲያ ማዶ እየተስፋፉ ሲሄዱ፣ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለቤት መሥሪያ የሚያስፈልገው እንጨት ከዙሪያው ገጠርና ከደቡብ ተራሮች ይመጣ ነበር። ከተማዋ እያደገች በሄደች ቁጥር ዳገቱ እየተራቆተ ሄደ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነው ከአባሎቻችን ኅሊና የሚጠፋ አይደለም። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ከቤት ንብረታቸው አፈናቀለ። ባለሙያዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የራስጌው ተፋሰስ መራቆት ነበር። እዚህ ላይ መታወስ ያለበት፣ ተፋሰሱ በድሬዳዋ አስተዳደር ወሰን ላይ የማያበቃ መሆኑ ነው። ራስጌው ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ይዘልቃል። ጎርፍ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ በጀትና ፋይል ግን ያውቃል።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችም ተጠቃሚ ሆኑ። በቢዮ አዋሌ፣ በዋሒል፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ ክላስተሮች ብዙው የእርከንና የተፋሰስ ሥራ የተሠራው በሕዝብ ጉልበት ነው። የፕሮግራሙ አሠራር አንድ ሰው በወር 5 ቀን እንዲሠራ፣ ስሙና የሠራበት ቀን በመቆጣጠሪያ ቅጽ ላይ እንዲሰፍርና ክፍያው በዚያ መሠረት እንዲፈጸም ያዛል። ስለዚህ የእኛ ገበሬ ድንጋይ የተሸከመበት ቀን ካልተጻፈ ክፍያው እንደማይመጣ የካርቦን ስም ከመሰማቱ በፊት ያውቅ ነበር።

የማይታይ ሸቀጥ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ካርቦን የሚባለው ሸቀጥ ምን እንደሆነ ባጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ዛፍ ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር ይስብና በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል። ደን ሲመነጠርና ሲቃጠል ያ ጋዝ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል፤ ምድርንም ያሞቃል። በስሌቱ መሠረት ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አንድ ቶን ደረቅ እንጨት 1.8 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል ማለት ነው።

ቡና ወይም ቦሎቄ ስንሸጥ ገዢው ጆንያውን ፈትቶ ያያል፤ ናሙና ይወስዳል፤ በሚዛን ያስመዝናል። ካርቦን ግን በጆንያ አይገባም። ገዢው የሚከፍለው ከአየር ለተሳበው ወይም ደን ባለመመንጠሩ ወደ አየር ላልወጣው ጋዝ ሲሆን፣ ይህን ሊያይ የሚችለው በሰነድ ብቻ ነው። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበት፣ ዛፉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ገንዘቡ ለማን እንደደረሰ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ሽያጭ የለም። በመሆኑም በዚህ ዘርፍ ጸሐፊው፣ ሂሳብ ሹሙና መዝገብ ቤቱ የምርት ሂደቱ አካል ናቸው።

ከዶዶላ የተጀመረው

ማኅበረሰብን በደን አስተዳደር ማሳተፍ በአገራችን የተለመደው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ነው። በባሌ በኩል በአዳባ ዶዶላ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ፣ «ዋጂብ» የተባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት በ1992 ዓ.ም. መቋቋም ጀመሩ። ደኑ በክልል በክልሉ ተከፋፍሎ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሔክታር ታሰበ፤ በአንድ ማኅበርም ከ30 የማይበልጡ አባወራዎችና እማወራዎች እንዲታቀፉ ተወሰነ። ማኅበሩና የመንግሥት አካል ውል ተፈራረሙ።

ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም ነበረው። በመዝገቡ የገባው የመጠቀም መብት አገኘ፤ ያልገባው ደግሞ እስከ ትላንት ከብት ያሰማራበት ደን ዛሬ የሌላ ሰው ሆነበት። የስም ዝርዝር አዘገጃጀት ተራ የጽሕፈት ሥራ እንዳልሆነ፣ ፍትሕና በደል የሚወሰንበት ቦታ እንደሆነ በዚያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ሁምቦ፦ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ

በዓለም የካርቦን ገበያ የአገራችንን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያስጠራው ግን በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ደን ነው። በሁምቦ ወረዳ ያለው ተራራ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ተራቁቶ ነበር። ወርልድ ቪዥን ከዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ጋር በመሆን በ1998 እና በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የአሠራሩ ሐሳብ፣ አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በኒጀር ከገበሬዎች ጋር የሞከሩት፣ በምድር ውስጥ ያለውን ሕያው ጉቶ መርጦና ገርዞ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ የማድረግ ዘዴ ነበር። 2,728 ሔክታር ተከለለ፤ አብዛኛውም ችግኝ ሳይተከልበት ከገዛ ራሱ ጉቶ አገገመ።

መሬቱን እንዲያስተዳድሩ ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት የሕግ ሰውነት አግኝተው፣ የመሬቱን የመጠቀም መብት የሚያረጋግጥ ማስረጃ ተሰጣቸው። ያለዚህ ማስረጃ ከዓለም ባንክ ጋር ውል የሚገባ ባለመብት ሊኖር አይችልም ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ከሁሉም የከበደ ነበር። ፕሮጀክቱ የሚመዘገብበት «የንጹሕ ልማት ሥርዓት»፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በኪዮቶ በጸደቀው ስምምነት መሠረት፣ ደን የሚለማበት መሬት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1989፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. ደን ያልነበረበት መሆኑ በማስረጃ እንዲረጋገጥ ያስገድድ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ተራራ ላይ ምን እንደነበረ በምን ይታወቃል? ደንቡ ይቀበላቸው የነበሩት ማስረጃዎች የአየር ወይም የሳተላይት ፎቶግራፍ፣ የመሬት አጠቃቀም ካርታና መዝገብ ነበሩ። እነዚህ ከጠፉ የአካባቢው ሽማግሌዎች ምስክርነት ተቀባይነት ነበረው፤ ሆኖም በሥርዓት ተሰብስቦ በጽሑፍ የሰፈረ መሆን ነበረበት። የሽማግሌ ቃል እንኳ በዓለም ገበያ ፊት የሚቆመው በቃለ ጉባኤ ሲገባ ነው።

የቀኑ ነገር ለእኛ አገር ልዩ መራራነት ነበረው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ አካባቢ የማኅበረሰብና የመንግሥት ደኖች ተጨፍጭፈዋል። በ1982 ዓ.ም. ደን የነበረበትና በ1983 የተመነጠረ መሬት በኪዮቶ ደንብ መሠረት ቢለማ እንኳ አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ የአንድ ዓመት ልዩነት፣ በማስረጃ የተያዘ ወይም ያልተያዘ፣ የአንድን ማኅበር ዕድል ይወስን ነበር።

ሁምቦ ይህን ፈተና አልፎ በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2009) ተመዘገበ። በአፍሪካ በዚህ ሥርዓት የተመዘገበ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል ተብሎ ተገመተ። ባዮካርቦን ፈንድ ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን ቢያንስ በ726 ሺህ ዶላር ለመግዛት ተስማማ። የመጀመሪያው ማጣራት ሲጠናቀቅ 73,339 ቶን ተረጋገጠ። ማኅበራቱም ካገኙት ገንዘብ የእህል ወፍጮና የእህል ማከማቻ የመሳሰሉትን አቋቋሙ።

ሂሳቡን በግልጽ ማስቀመጥ ለአባላት ይጠቅማል። 726 ሺህ ዶላር ለአሥር ዓመትና ለሰባት ማኅበራት እኩል ቢካፈል፣ ለአንድ ማኅበር በዓመት 10 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ይህ ወፍጮ ያስተክላል እንጂ ቤተሰብ አያበለጽግም። ገበሬው ቶሎ ያገኘው ጥቅም ታጭዶ የሚወሰደው ሣር፣ ከግርዛት የሚገኘው ማገዶ፣ የምንጩ መመለስና የአፈሩ መያዝ ነበር። የካርቦን ገንዘብ በእነዚህ ላይ የሚጨመር ምርቃት ነው። ይህን ሳይናገር አባላትን የሚያስመዘግብ አመራር የማይፈጽመውን ተስፋ በማኅበሩ ላይ ይጭናል።

ከአንድ ተራራ ወደ አንድ ክልል

የኪዮቶ ሥርዓት አዲስ የሚለማን ደን እንጂ የቆመን ደን መጠበቅን አይቆጥርም ነበር። ይህ ክፍተት በ2000 ዓ.ም. በባሊ በተደረገው ጉባኤ ዋና መነጋገሪያ ሆነ፤ የደን ምንጠራንና መመናመንን በመቀነስ የሚገኝ የልቀት ቅነሳ፣ በተለምዶ «ሬድ ፕላስ» የሚባለው፣ መልክ እየያዘ መጣ። አገራችንም በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ ስታደርግ ደንን ከዋና ምሰሶዎቹ አንዱ አደረገች። ብሔራዊ የሬድ ፕላስ ጽሕፈት ቤት በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው ሰነድ ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሔክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ ጥላ ያለው እንደሆነ ወስኖ፣ በዚህ መለኪያ የአገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ መሆኑን አስፍሯል።

በባሌ ሥነ ምኅዳር 64 የደን አስተዳደር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ጋር በፋርም አፍሪካና በኤስ ኦ ኤስ ሳህል ድጋፍ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ሥራው ከአንድ ተራራ ወደ አንድ ክልል ሰፋ። የኦሮሚያ የደን መልክዓ ምድር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 በ18 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እስከ 4 ሚሊዮን ቶን ለሚደርስ የልቀት ቅነሳ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ስምምነት ከዓለም ባንክ ጋር ተፈረመ። ፕሮግራሙ መላ ኦሮሚያን፣ ማለትም ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌንም ያካትታል። ስለዚህ ከደቻቱ ራስጌ ባሉት የምሥራቅ ሐረርጌ ቀበሌዎች የሚሠራው የመዝገብ ሥራ ከእኛ ጎርፍ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

በዚህ መካከል ፋይሉን የሚይዘው መሥሪያ ቤት ስም ደጋግሞ ተለዋውጧል። በ1987 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የነበረው በ2005 የአካባቢ ጥበቃና ደን ሚኒስቴር፣ በ2008 የአካባቢ፣ ደንና የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን ሆነ። በ2014 ደግሞ የደን ልማትና የአካባቢ ጥበቃ በየራሳቸው ተቋም ተለያዩ። ማኅተም ሲቀየር፣ ቢሮ ሲዛወርና ባለሙያ ሲለዋወጥ ዋናው ቅጂ የት እንደገባ የሚጠፋበት ጊዜ ይኖራል። የሠላሳ ዓመት ውል የያዘ ማኅበር ሰነዱን ለወረዳ ብቻ አስረክቦ ሊተኛ አይችልም። በራሱ ካዝና አንድ ቅጂ ማኖር አለበት።

ጸሐፊው በዓመት ውስጥ ምን ይሠራል?

የእነዚህን ማኅበራት የጽሕፈት ሥራ ለማያውቅ ሰው ዝርዝሩ ያስገርመዋል። በመጀመሪያ የአባልነት ማመልከቻ ይቀበላል፤ ዕጣና መመዝገቢያ ይመዘግባል፤ የመተዳደሪያ ደንቡን ግልባጭ ያኖራል። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ የምልዓተ ጉባኤውን ቁጥር አረጋግጦ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ያስፈርማል። የጥበቃ ተረኞችን መዝገብ ይከታተላል፤ እሳት፣ ሕገወጥ ቆረጣ ወይም ከከለላው የገባ ከብት ሲገኝ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል።

የልኬት ጊዜ ሲደርስ ባለሙያዎች በናሙና ቦታዎች የዛፉን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካሉ። ቅጹ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከተሳሳተ የአንድ ዛፍ ስሕተት በሔክታር ሲባዛ የብዙ ቶን ስሕተት ይሆናል። የሥልጠና ተሳታፊዎች ፊርማ፣ የውሎ አበል መክፈያ፣ የነዳጅና የጽሕፈት መሣሪያ ደረሰኝ፣ የባንክ ፈራሚዎች ደብዳቤ፣ የቅሬታ መዝገብ ሁሉ በኦዲተር ፊት ይቀርባሉ። ገንዘቡ ቢመጣም ሂሳቡ ካልተዘጋ የሚቀጥለው ክፍያ ይዘገያል። ዝናብና ምስጥ የበሉት አንድ የደረሰኝ ጥራዝ የብዙ ገበሬ ልፋት ሊያስቀር ይችላል።

በድሬዳዋና በሐረርጌ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ኦሮምኛው በቁቤ፣ ሶማሊኛውም በላቲን ፊደል ይጻፋል። አንድ ገበሬ በመታወቂያው፣ በመሬት ማስረጃውና በማኅበሩ መዝገብ ስሙ በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። አንድ መንደር ውስጥ ብዙ መሐመድና ብዙ ፋጡማ ባሉበት የአያት ስም ሳይጨመር የተዘጋጀ ዝርዝር በክፍያ ዕለት ጠብ ያስነሣል።

ከመዝገቡ የቀሩት

ታሪኩን ስንመረምር ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ተመዘገበ?» የሚለው ነው። በብዙ ቦታ አባልነት በአባወራው ስም ብቻ ሲያዝ፣ ማገዶ የምትለቅመውና ደኑን በየቀኑ የምታየው ሴት በጉባኤ ድምፅ ሳይኖራት ትቀራለች። ደን ሲከለል መጀመሪያ የሚጎዳው ከሰል አክስሎ የሚያድረው መሬት አልባ ወጣት ነው፤ እርሱም የመሬት ማስረጃ ስለሌለው ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። ከቆላ ወቅት ጠብቆ የሚመጣው አርብቶ አደርም እንዲሁ ነው። እነዚህን ያላካተተ መዝገብ ለገዢው የተሟላ መስሎ ይታያል፤ በሌሊት ግን መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ባላጋራ ያፈራል።

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን በተጨማሪ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን ባለቤትነትን አውቋል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ም የአባላትን እኩል ድምፅ አጽንቷል። ሕጉ በሩን ከፍቷል ማለት ነው። በበሩ ማን እንደሚገባ የሚጻፈው ግን በቀበሌው፣ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የድሬዳዋ አስተዳደር በኦሮሚያው የክፍያ ስምምነት ውስጥ የለም። ቢሆንም የተፋሰስ ከለላዎቻችን ነገ በሌላ መርሐ ግብር ሊታቀፉ ይችላሉ። ያ ቀን ሲመጣ «መሬቱ ከመከለሉ በፊት ምን ይመስል ነበር?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ዛሬ ማዘጋጀት ይቻላል። መሠረታዊ ማኅበራት ከለላ ያለበትን ቦታ ወሰን በቀበሌው ማስፈረም፣ የተከለለበትን ቀንና የሽማግሌዎችን ምስክርነት በቃለ ጉባኤ ማስፈር፣ ፎቶግራፍ ከነቀኑ ማኖር፣ የአባላትን ስም ከነአያት በመታወቂያው መሠረት ማረም፣ ሴቶችን በራሳቸው ስም መመዝገብ ይችላሉ። ለዚህ ከዶላር በፊት የሚያስፈልገው ደብተር፣ ቁልፍ ያለው ሣጥንና ኃላፊነት የሚሰማው ጸሐፊ ነው።

ለወረዳና ለአስተዳደሩ ኃላፊዎችም የምናቀርበው ጥያቄ አለ። ጸሐፊና ሂሳብ ሹም ሲሠለጥኑ ሥልጠናው ለአንድ ቀን ፊርማና አበል ብቻ እንዳይሆን፣ ባለሙያ ሲዛወርም ፋይሉን በርክክብ ቅጽ እንዲያስረክብ ይደረግ። በደቻቱ ራስጌ ካሉት የምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ጋር የመረጃ ልውውጥ ቢኖር፣ ለጎርፉም ለደኑም ይበጃል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል የኅብረት ሥራ ማኅበራት መለያ ሆኖ ኖሯል። ድሩ ግን ክር በክር የሚገመድ ነው። በየቀበሌው መብራት በሌለበት ቢሮ ተቀምጠው የአባላትን ስም በጥንቃቄ የሚጽፉ፣ ደረሰኝ የሚቆርጡ፣ ቃለ ጉባኤ የሚያነቡ ጸሐፊዎቻችን የዚያ ክር ገማጆች ናቸው። በዚህ በዓል ምስጋናው ለእነርሱም ይድረስ!